ለእሑድ አጥቢያ፦ ወደ ውጭ አገር በአየር ለሚሄድ ሰው ስለሚያስፈልገው ዝግጅት

በዚህ የግድግዳ ጋዜጣችን የትምህርት ዓምድ ላይ እስከ ዛሬ የወጡት ጽሑፎች በአብዛኛው ስለ መርጃ መሣሪያ አሠራርና ስለ ትምህርት ዕቅድ አወጣጥ የሚያወሱ ነበሩ። እኔ ዛሬ የማቀርበው ከዚያ ወጣ ያለ ይመስላል፤ ነገሩ ስለ አውሮፕላን ጉዞ ነው። «ነገ ገጠር ወርደን ፊደል ለምናስቆጥር ሰዎች የአውሮፕላን ጉዞ ምናችን ነው?» የሚል አይጠፋም። ገና ርእሱን ስጽፍ ከእኔ በላይ ባለው አልጋ የሚተኛው ጓደኛዬ ብሎኛልም። መልሴ አጭር ነው። እኔ የመጣሁት ከታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ ነው። በሰፈራችን ወደ ዓረብ አገር የሄደች ወይም ለመሄድ የምትሰናዳ ልጅ የሌለበትን ቤት ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ከነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ከ8ኛ ክፍል አላለፉም። እንግዲህ የመጨረሻ መምህራቸው የ8ኛ ክፍል መምህር ነው ማለት ነው። ያ መምህር ደግሞ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ከእኛ መካከል አንዱ ነው።

በመጀመሪያ በቤታችን የደረሰውን ልንገራችሁ፤ ትምህርቱ ከዚያው ይወጣል።

ታላቅ እኅቴ፣ በቤታችን እታለም የምንላት፣ በ2015 ዓ.ም. ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዱባይ ለመሄድ ተዋዋለች። ቲኬቷ ሲመጣ ቀኑ 15 ጃንዋሪ 2023፣ መነሻ ሰዓቱ 02:40 ይላል። ወረቀቱን የሰጠቻት የቢሮ ሠራተኛ «እሑድ ሌሊት 8 ሰዓት ከ40 ነው፤ ሦስት ሰዓት ቀደም ብለሽ ተገኚ» አለቻት። ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ስንመልሰው ጥር 7 ሆነ። ጥር 7 የሥላሴ በዓል ነው። እናታችን ሥላሴን ትዘክራለችና «በቀናቸው ከሄደችማ ምን እፈራለሁ» ብላ ደስ አላት። እኔና እታለም ዓርብ ማታ አዲስ አበባ ገብተን ከአባታችን ዘመድ ቤት አረፍን። ቅዳሜ ሻንጣ ሲታሰር ዋለ፤ ማታ እራት በልተን ተኛን። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስመን፣ ቡና ጠጥተን፣ ዘመድ ተሰናብተን፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ቦሌ ደረስን። ከበሩ ላይ ወረቀቱን ያየው ሰው እታለምን ቀና ብሎ አያትና፣ «እኅቴ፣ ይሄ እኮ ሌሊት ሄዷል» አላት።

እውነትም አውሮፕላኑ ከሄደ ከ19 ሰዓት በላይ ሆኖታል። ቅዳሜ ማታ እኛ ተኝተን ሳለን ነው የተነሣው።

እታለም ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት አዲስ አበባ ከሰው ቤት ተቀመጠች። የቲኬቱን መቀየሪያ ክፈሉ ስለተባልን አባታችን አንድ ወይፈን ሸጠ። ከሁሉ ይልቅ እኔን ያንገበገበኝ ግን ማንም አለመዋሸቱ ነው። የቢሮዋ ሠራተኛ እሑድ አለች፤ ቲኬቱም እሑድ ይላል። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ 11ኛ ክፍል ነበርሁ፣ በእንግሊዝኛም ጥሩ ውጤት ነበረኝ። ሰዓቱን በትክክል መልሼዋለሁ፤ 02:40 ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ40 ነው። የተሳሳትሁት ሰዓቱን አይደለም፤ ሌሊቱን ነው።

ነገሩን እንመርምረው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ቀን የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት፣ በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። በእኛ በኢትዮጵያውያን ልማድ ግን ቀኑ የሚጀምረው ሲነጋ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ «እሑድ ሌሊት» ሲባል የጆሯችን ግምት እሑድ ውሎ፣ እሑድ መሽቶ፣ ከዚያ የሚመጣውን ሌሊት ነው። ለቲኬቱ ግን «እሑድ 02:40» ማለት እሑድ ከገባ ገና ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃው ነው፤ ዶሮ አልጮኸም፣ እሑድም አልነጋም። የሚገርመው፣ ለዚህ ጊዜ አማርኛችን ከማንም የተሻለ ቃል አለው። አባቶቻችን «ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ» ይላሉ። ሁለቱን ቀን ስለሚያነሣ ማንም ሊሳሳት አይችልም። ያቺ ሠራተኛ «ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ 8 ሰዓት ከ40» ብትለን ኖሮ ወይፈኑ ዛሬ በሬ ሆኖ ያርስ ነበር።

በዚህም ምክንያት ለተማሪ ሲነገር የሚሻለውን አከፋፈል በበኩሌ እንዲህ አድርጌዋለሁ። በቲኬት ላይ ያለው ሰዓት ከ00:00 እስከ 05:59 ከሆነ 6 ትደምራለህ፤ የሚመጣው ሌሊት ነው፤ ከቤት የምትወጣውም በቲኬቱ ከተጻፈው ቀን በዋዜማው ነው። ከ06:00 እስከ 17:59 ከሆነ 6 ትቀንሳለህ፤ ቀን ነው። ከ18:00 እስከ 23:59 ከሆነ 18 ትቀንሳለህ፤ ምሽት ነው። (06:30ን ስትቀንስ 0:30 ቢመጣብህ 12 ሰዓት ተኩል ማለት መሆኑን አትርሳ፤ ዜሮ ሰዓት በእኛ ዘንድ የለም።) የእታለምን ብናሰላው፣ 02:40 ላይ 6 ሲደመር ከሌሊቱ 8:40 ነው። ሦስት ሰዓት ቀድማ ትድረስ ከተባለ 23:40 ላይ ቦሌ መገኘት አለባት፤ ይኸውም ቅዳሜ ከምሽቱ 5:40 ነው። ሒሳቡ የሚከብዳቸው እናቶችም ቢሆኑ አንድ ጥያቄ ብቻ ቢያውቁ ይበቃቸዋል፦ «እራቷን በየትኛው ቀን በልታ ነው የምትወጣው?» ይህን የሚመልስ ሰው ሌሊቱን አያጠፋም።

ሌላው ደግሞ፣ ቲኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት የየአገሩ ሰዓት ነው። መነሻው በአዲስ አበባ ሰዓት፣ መድረሻው በዱባይ ሰዓት ይጻፋል። ዱባይ ከእኛ አንድ ሰዓት ትቀድማለች። ጅዳና ሪያድ ግን ከእኛ እኩል ናቸው። ለቤት የሚደወልበትን ሰዓት ተስማምቶ ለመሄድ ይህንን ማወቅ ይጠቅማል፤ እናታችን የእታለምን የመጀመሪያ ስልክ ስትጠብቅ አንድ ሰዓት ሙሉ አልቅሳለች።

ከሰዓቱ ቀጥሎ የሚመጣው የዓመተ ምሕረቱ ጉዳይ ነው። የእኛና የፈረንጆቹ ዘመን ልዩነት ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 7 ዓመት፣ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ዓመት መሆኑን ሁላችንም ተምረናል። የልደት ቀን ሲመለስ ግን ይህ ይረሳል። ለምሳሌ ኅዳር 12 ቀን 1996 የተወለደች ልጅ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 22 ቀን 2003 ነው የተወለደችው። 8 የደመረ ሰው 2004 ብሎ ይጽፋትና አንድ ዓመት ሙሉ ያሳንሳታል። አንዱ ወረቀት 2003፣ ሌላው 2004 ካለ፣ ቪዛ የሚሰጠው ሰው ሁለት ልጆች እንጂ አንዲት ልጅ አያይም።

ወራቱን ለመመለስ የሚከተለውን ከደብተራችሁ ላይ ብትገለብጡት ጥሩ ነው። መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11፤ ጥቅምት 1 ኦክቶበር 11፤ ኅዳር 1 ኖቬምበር 10፤ ታኅሣሥ 1 ዲሴምበር 10፤ ጥር 1 ጃንዋሪ 9፤ የካቲት 1 ፌብሯሪ 8፤ መጋቢት 1 ማርች 10፤ ሚያዝያ 1 ኤፕሪል 9፤ ግንቦት 1 ሜይ 9፤ ሰኔ 1 ጁን 8፤ ሐምሌ 1 ጁላይ 8፤ ነሐሴ 1 ኦገስት 7፤ ጳጉሜን 1 ሴፕቴምበር 6 ነው። ጳጉሜን 6 ሆና ካለፈች ግን ከቀጣዩ መስከረም እስከ ፌብሯሪ መጨረሻ ድረስ በፈረንጆቹ በኩል አንድ ቀን ይጨመራል። የ1995 ጳጉሜን 6 ነበረች፤ ከላይ ያለችው የኅዳር ልጅ 21 ሳይሆን 22 የሆነችው ለዚሁ ነው።

ስለ ዕድሜ ካነሣሁ አይቀር፣ በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት ለሥራ ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። አንዳንድ ደላላ የ15 ዓመቷን ልጅ 22 ናት ብሎ ያስጽፋል። ለጊዜው የጠቀማት ይመስላል። ዳሩ ግን ከትምህርት ቤት ካርዷ ጋር የማይገጥም ዕድሜ ይዛ ትሄድና፣ ኋላ የኔ ነው የምትለው ወረቀት ሁሉ እርስ በርሱ ይጣላባታል። የትምህርት ቤት ካርድ የሚጽፈው መምህር ነው። ስለዚህ የልደት ቀን በትክክል መዝግቦ ማስቀመጥ የጽሕፈት ሥራ ብቻ አይደለም እላለሁ።

አሁን ወደ ስም እንምጣ። ፊደላችን ለስማችን የተሰፋ ልብስ ነው፤ የላቲኑ ግን ተውሶ ነው። ፀሐይ የምትባል ልጅ ስሟን አንዱ በ«ቲ»ና በ«ኤስ»፣ ሌላው በ«ቲ»ና በ«ዜድ» ይጀምርላታል። በቀለ በ«ኬ»ም በ«ኪው»ም ይጻፋል። ኃይለ ማርያምን አንዱ አጣብቆ፣ አንዱ ለያይቶ ይጽፈዋል። አነባበቡ አንድ ሆኖ ሳለ ለኮምፒውተር ግን ሌላ ሌላ ሰው ነው። በቲኬትና በፓስፖርት መካከል የአንድ ፊደል ልዩነት እንኳ መንገደኛን ከመስኮት ሊያስመልስ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ አንድ ጊዜ ፓስፖርት ላይ የሠፈረውን አጻጻፍ፣ ባይጥም እንኳ፣ ለውሉም ለቲኬቱም ለክትባት ካርዱም ሳያዛንፉ መጠቀም። የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪ የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም በላቲን ፊደል ወስኖ፣ ሁልጊዜ በዚያው እንዲጽፍ ማስለመድ ከእንግሊዝኛ መምህር የሚጠበቅ ነው።

በእኛ አገር ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው። በውጭ አገር ግን የሚቀድመው የመጨረሻው ስም ነው። እታለም ዱባይ አውሮፕላን ጣቢያ ቁጭ ብላ ስትጠብቅ በድምፅ ማጉያ የአያታችን ስም ይጠራል። እሷ ምስኪን «ሌላ የጋይንት ሰው አለ ማለት ነው» ብላ ዞር ዞር ብላ ፈለገች። አያታችን ነፍሳቸውን ይማረውና ከጎንደር ክፍለ ሀገር ወጥተው አያውቁም ነበር፤ ዱባይ ላይ ሦስት ጊዜ ተጠሩ።

ስለ ወረቀቶቹ በአጭሩ ልለፈው። ፓስፖርቱ ለስንት ጊዜ እንደሚያገለግል መታየት አለበት፤ ብዙ አገሮች መንገደኛው ከሚገባበት ቀን ጀምሮ ቢያንስ ስድስት ወር የቀረው ፓስፖርት ይፈልጋሉ። ከኢትዮጵያ የሚሄድን መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ የሚጠይቁ አገሮች አሉ። ክትባቱ የሚጸናው ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በመጨረሻው ሳምንት የሚሮጡበት ነገር አይደለም። በሌላ በኩል፣ ከ2008 ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት ደንብ አንዴ የተወጋ ሰው ካርዱ ለዕድሜ ልኩ ያገለግለዋል፤ «አሥር ዓመት ስላለፈህ እንደገና ተወጋ» የሚል ሰው የድሮውን ነው የሚናገረው።

ወጪውን በሚመለከት፣ ያው የጠቀስሁት አዋጅ ማን ምን እንደሚከፍል ለይቶ አስቀምጧል። የቪዛው፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱ፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱ፣ የመድን ዋስትናውም ወጪ በአሠሪው ላይ ነው። የፓስፖርቱ፣ የጤና ምርመራው፣ የክትባቱና የልደት ምስክር ወረቀቱ በሠራተኛዋ ላይ ነው። በአርብ ገበያ በሬ ተሸጦ «ለቪዛ» ተብሎ ለደላላ የሚከፈለው ገንዘብ በየትኛው ረድፍ እንደሚገባ አንባቢ ራሱ ይመልከተው። ይህች የሁለት መስመር እውቀት በ8ኛ ክፍል የሥነ ዜጋ ትምህርት ላይ ብትነገር ምን ያህል ቤት እንደምታድን እኔ በቤቴ አይቻለሁ።

ከመሄድ በፊት የፓስፖርቱና የውሉ ቅጂ በቤት መቅረት አለበት። ስልክ ቁጥርም በስልክ ውስጥ ብቻ መያዝ ከንቱ ነው፤ ስልኩ ቢጠፋ ወይም ቢወሰድ ቁጥሩም አብሮ ይሄዳል። የቤት ሰው ቁጥርና በዚያ አገር ያለው የኤምባሲያችን ወይም የቆንስላችን ቁጥር (በኤምሬቶች ኤምባሲያችን አቡ ዳቢ፣ ቆንስላችን ዱባይ ነው) በወረቀት ተጽፎ ከልብስ ጋር ይያዛል፤ አንዱ ቁጥር ደግሞ በቃል ይጠናል። የማባዛት ሠንጠረዥ በቃላችን ያጠናን ሰዎች ነን፤ አሥር አኃዝ አይከብድም።

ስለ ሻንጣ ብዙ የሚባል ነገር አለ። የሚፈቀደው ክብደት በቲኬቱ ላይ ተጽፏል። ለአንድ ሻንጣ የተለመደው 23 ኪሎ ነው፤ በእጅ ለሚያዘው 7 ኪሎ። ከ32 ኪሎ በላይ የሆነ አንድ ሻንጣ ግን ቢከፈልበትም በአብዛኛው አይወሰድም፤ ምክንያቱም የሚያነሣው ሰው ወገብ እንዳይጎዳ ነው። በቤት ሚዛን ከሌለ ወደ እህል ነጋዴ ወስዶ ማስመዘን ይቻላል። እኛ አላስመዘንም ነበር። እናታችን ሽሮውን፣ በርበሬውን፣ ቆሎውን፣ ድርቆሹን እያሰረች «ይቺ ደግሞ ምን ትመዝናለች» ትላለች። ሁሉም «ይቺ ምን ትመዝናለች» ተደማምሮ 29 ኪሎ ሆነና እታለም ቦሌ ወለል ላይ ቁጭ ብላ ስትፈታ፣ በርበሬው ከነጭ ነጠላዋ ላይ ተደፋ።

ቅቤና ማር በእጅ ሻንጣ ውስጥ አይገባም። ይህ ክልከላ የመጣው በነሐሴ 1998 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር ውስጥ ፈሳሽ ፈንጂ ይዘው አውሮፕላን ሊያፈነዱ ያቀዱ ሰዎች ከተያዙ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ በእጅ የሚያዝ ፈሳሽ እያንዳንዱ ከ100 ሚሊ ሊትር በማይበልጥ ዕቃ፣ ሁሉም ተደምሮ በአንድ ሊትር ላስቲክ ውስጥ እንዲሆን ተደነገገ። አዳዲስ መሣሪያ የተከሉ አንዳንድ ጣቢያዎች አላልተውታል፤ ሆኖም በዚያ ተማምኖ የእናትን ቅቤ ለፍተሻ መስጠት አይገባም። ጥብቅ አድርጎ በላስቲክ አሥሮ በትልቁ ሻንጣ መሀል፣ በልብስ መካከል ማስቀመጥ ነው። የስልክ ባትሪ መሙያው፣ ፓወር ባንክ የሚሉት፣ በተቃራኒው ከእጅ አይለይም። ባትሪው እሳት ቢፈጥር በሰው ፊት ይታያል፤ በታች በዕቃ ክፍል ውስጥ ከሆነ ግን ማንም ሳያየው ሊቀጣጠል ይችላል።

ይህንን ግን ሳላሰምርበት አላልፍም። በእኛ አገር አደራ አለመቀበል ነውር ነው። «ለልጄ ይቺን አድርሺልኝ» ሲባል እምቢ ማለት ይከብዳል። ሆኖም ተፈትቶ ያልታየ የታሠረ ዕቃ ከማንም፣ ከጎረቤትም ቢሆን፣ መቀበል አይቻልም። ጫት በእኛ አገር በአደባባይ የሚሸጥ ነው፤ በኤምሬቶችና በሳዑዲ ዓረቢያ ግን እስራት ያመጣል። በሻንጣው ላይ ያለው ስም የማን ነው? ተጠያቂዋ እሷው ናት። በትሕትና «እማማ፣ አብረን እንፍታውና ልይዘው» ማለት ነውር የለበትም።

ቀጥሎ ያለው ለሳይንስ መምህራን ይሆናል። ብዙ ልጆች አውሮፕላን ሲፈሩ «አየር ያጥረኛል» ይላሉ። የመንገደኛ አውሮፕላን ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ይበራል፤ በዚያ ላይ ያለው አየር በእርግጥ ሰውን አያኖርም። ስለዚህ በውስጡ አየር በግፊት ይሞላል፤ የሚሞላውም ቢበዛ በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ሰው እንዲሰማው ተደርጎ ነው። አሁን እንግዲህ ልብ በሉ፦ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። ስለዚህ እኛ እዚህ መኝታ ክፍላችን ውስጥ የምንተነፍሰው አየር በአውሮፕላኑ ውስጥ ካለው ይሳሳል! ለጋይንት ልጅ አውሮፕላን ማለት አየሩ በዛ ያለበት ቤት ነው።

ጆሮ የሚታመመው ሲወጡ ብቻ ሳይሆን ይልቁንም ሲወርዱ ነው፤ ዱባይ በባሕር ጠረፍ ናትና። ወደ ታች ሲወረድ የውጭው አየር እየከበደ የጆሮን ታምቡር ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ይህንን በክፍል ለማሳየት ገንዘብ አያስፈልግም። ነፋስ መውጫ ላይ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ አጥብቃችሁ ክደኑና ይዛችሁ ወረታ ውረዱ። ስትደርሱ ጠርሙሱ ተጨማዶ ታገኙታላችሁ። ማንም አልጨመቀውም፤ የቆላው አየር ነው። ለጆሮው መፍትሔው መዋጥ ነው፦ ማስቲካ ማኘክ፣ ምራቅ መዋጥ፣ ማዛጋት። ማስቲካ የለኝም ያለ የእናቱን ቆሎ ይብላ፤ እታለም ያደረገችው እንደዚያ ነው።

ቦሌ ከገቡ በኋላ ያለውን ቅደም ተከተል ባጭሩ፦ በመግቢያው ፍተሻ አለ፤ ከዚያ ሻንጣ ተመዝኖ የመሳፈሪያ ካርድ ይሰጣል፤ ከዚያ የኢሚግሬሽን መስኮት፤ ከዚያ ሁለተኛ ፍተሻ፤ ከዚያ የመሳፈሪያው በር። በካርዱ ላይ ሁለት ሰዓት መጻፉን ልብ ማለት ያስፈልጋል። አንዱ በሩ ላይ የሚገኙበት፣ ሌላው አውሮፕላኑ የሚነሣበት ነው፤ በሩ ቀድሞ ይዘጋል። የበሩ ቁጥር ሊቀየር ስለሚችል ሰሌዳውን ደጋግሞ ማየት፣ ያልገባንን መጠየቅ። ልጆቻችን መጠየቅ ያፍራሉ። ይህም ከክፍል የመጣ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ፤ «አልገባኝም» ያለውን ተማሪ የምንስቅበት እኛው ነን።

ከአገራችን ወደ ውጭ በመንገደኛ አውሮፕላን መጓዝ አዲስ ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ የመጀመሪያውን በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ነው። በዚያ ዘመን አውሮፕላን የሚሳፈረው ባለሥልጣኑ፣ ነጋዴው፣ ለትምህርት የሚላከው ነበር፤ የሚያነብለት ሰው ከአጠገቡ አያጣም። ዛሬ ግን ብቻዋን፣ ወረቀቷን በፌስታል ይዛ የምትሳፈር የገበሬ ልጅ ናት። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን በጥቂት ወራት ውስጥ ሲመለሱ፣ በዚያው ዓመት ለሥራ ወደዚያ መሄድ ታግዶ ነበር፤ እገዳው በ2010 ዓ.ም. ተነሣ። ታግዶም እያለ ልጆች በእግርና በጀልባ መሄዳቸውን አላቆሙም። «አትሂዱ» የሚለውን ትምህርት ሁላችንም ሰምተናል፤ እኔም ለእታለም ብያታለሁ። አልሰማችኝም። የሚሄድን ሰው ግን ሰዓት ሳያነብ መስደድ ሌላ ነገር ነው።

ስለዚህ ለተግባር ልምምድ ስንወጣ በ5ኛ ክፍል የሒሳብ ክፍለ ጊዜ፣ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የቲኬት ቅርጽ ስዬ ለማስተማር አስቤአለሁ። መምህራኖቻችን የሚያርሙት ካለ በደስታ እቀበላለሁ። ለሙከራ ያህል ሦስት ጥያቄዎች ከዚህ በታች አሉ፤ መልሳችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ከጋዜጣው ሥር በተሰቀለው ፖስታ ውስጥ ክተቱ።

አንደኛ፤ ቲኬቱ «ከአዲስ አበባ ኤፕሪል 8፣ 22:50፤ ዱባይ ኤፕሪል 9፣ 03:50» ይላል። በእኛ አቆጣጠር ከምን ቀን ወደ ምን ቀን ነው? ሦስት ሰዓት ቀድሞ ለመድረስ በስንት ሰዓት ቦሌ መገኘት ያስፈልጋል? በአየር ላይ ስንት ሰዓት ይፈጃል? (አምስት ሰዓት ያለ ሰው እንደገና ያስብ።)

ሁለተኛ፤ ጳጉሜን 3 ቀን 1997 የተወለደች ልጅ ነሐሴ 28 ቀን 2015 ውል ብትፈርም ዕድሜዋ ደርሷል ወይስ አልደረሰም? የልደት ቀኗስ በፈረንጆቹ ስንት ነው?

ሦስተኛው ጥያቄ የእታለም ነው። ለዕረፍት ልትመጣ ነውና የቲኬቷን ፎቶ በቴሌግራም ላከችልኝ። ከዱባይ የሚነሣው ዓርብ 00:25 ነው። ከሥሩ «አንተ፣ እንዳታስቀረኝ፤ እራቴን የሐሙስን ነው የዓርብን በልቼ የምወጣው?» ብላ ጽፋለች። እኔ መልሼላታለሁ። እናንተስ ምን ትሏታላችሁ?